የማይታጠበው ጥቁር ጨርቅ

ከሥራ የወጣ ሰው አለቃውን ማማት የተፈቀደለት ይመስለዋል። ያነበብኳቸው የሥራ ዘመን ትዝታዎች አብዛኞቹ የትዝታ ልብስ የለበሱ ክሶች ናቸው። ጸሐፊው ሁልጊዜ ትክክል ነበር፣ አለቆቹ ተራ በተራ ተሳስተዋል፣ መሥሪያ ቤቱም እሱ ከወጣ በኋላ መንገዳገድ ጀምሯል። እኔ ሰው ሁሉ በሄደበት መንገድ መሄድ ከልጅነቴ አይሆንልኝምና አለቃዬን ላመሰግን ነው የተቀመጥኩት። ምስጋና እንደ ሐሜት እንደማይጣፍጥ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ የሚታሙም ሰዎች በመሀል አሉ።

ሥራዬ አቧራ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ፣ ኋላም በሰው ቤት፣ ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ የገባውን ብናኝ የሚያወጣ መሣሪያ እተክላለሁ፣ ሲበላሽ እጠግናለሁ። ይህን ሥራ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ መሥራት ዝናብ ላይ ቆሞ ልብስ እንደ ማድረቅ ነው። በዚያ ዘመን አቧራ የማያስነሣ ሰው ሥራ ፈት ይባል ነበር። መንገዱ ይቆፈራል፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ኮንዶሚኒየም ይቆማል፣ አሸዋ የጫነው ገልባጭ መኪና ሌት ተቀን ይመላለሳል፤ ባለሥልጣኑም በቴሌቪዥን ቀርቦ ከጀርባው የሚነሣውን ደመና እንደ ልማት ምስክር ያሳያል። እኔ ያንን ምስክር አፉን ላስዘጋ የተቀጠርኩ ሰው ነበርኩ። ባለፈው ክረምት ተውኩት። ሃምሳን ገና ማለፌ ስለሆነ ጡረተኛ ለመባል አልበቃሁም፤ ግን አሁን የሚመጡት ማሽኖች ሲበላሹ ይጣላሉ እንጂ አይፈቱም። የማይፈታ ነገር ጠጋኝ አያስፈልገውም። አሁን የምኖረው ጋዜጣና መጽሔት ላይ በመጻፍ ነው። አቧራ ከመያዝ ወደ ማስነሣት ተሻገርኩ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እዚያ የጥጥ ብናኝ ሠራተኛውን በየቀኑ ያሸብተዋል፤ ጠዋት ጥቁር ፀጉር ይዞ የገባ ማታ ሽማግሌ ሆኖ ይወጣል። የክፍሉ ኃላፊ የአፍ ጭምብል አስገዝተው ነበር፤ ንብረት እንዳይጠፋባቸው ብለው ግን መጋዘን ቆልፈውበታል። ጭምብሉ የሚወጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው። ተቆጣጣሪው ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ያየናል፣ ደስ ይለዋል፣ ይፈርማል፣ ምሳ ተጋብዞ ይሄዳል። ጭምብሉ ተቆጥሮ ይመለሳል። ያን ጊዜ ስቄያለሁ። የአንድ ኃላፊ ስስት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ከዚያ የሰፋ መሆኑን፣ ሰው ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ መታየት ለእኛ ከመተንፈስ እንደሚቀድም የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ከዚያ ቃሊቲ ወደሚገኝ አንድ የሴራሚክ ፋብሪካ ተዛወርኩ። ኢንጂነር ጌታሁንን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። በወጣትነታቸው በመንግሥት ተልከው ምሥራቅ አውሮፓ የተማሩ፣ ከረባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሰው ነበሩ። የአየር ማጣሪያው ክፍል ኃላፊ ሆነው በመጡበት ቀን ማድረቂያውን አዳራሽ እንዳስጎበኛቸው ታዘዝኩ። እንደሚመጡ ስለተነገረን አዳራሹ ሁለት ጊዜ ተጠርጓል።

«ይህ ክፍል ንጹሕ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ኢንጂነር። አሁን ነው የተጠረገው።»

«ስለተጠረገ እኮ ነው የምጠይቅህ።»

ከኮት ኪሳቸው መዳፍ የምታህል ጥቁር ጨርቅ አወጡ። ተማሪ ሳሉ የለበሱት የሱፍ ካፖርት ሲያረጅ በመቀስ ቆራርጠው ካስቀሩት ቁራጮች አንዱ ነው። መደርደሪያ ላይ ዘረጉትና ምሳ እንብላ አሉ። ስንመለስ ጨርቁ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። የዚያ ፋብሪካ ጭቃ ሲደርቅ ነጭ ነውና ጥቁር ላይ አይደበቅም።

«ወለሉ ላይ ተኝቶ የነበረውን ቀስቅሳችሁ አየር ላይ በተናችሁት» አሉ። «ወለሉ አይተነፍስም። አንተ ግን ትተነፍሳለህ።»

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። ሸክላ አፈር ውስጥ የአሸዋ ዘር አለ። ዓይን የሚያየው ብናኝ አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ ታስነጥሳለህ፣ አለቀ። ዓይን የማያየው ሳንባ ድረስ ወርዶ እዚያው ይቀመጣል፤ ሳንባውም ዙሪያውን ጠባሳ እየሠራ ይደርቃል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን የሚታይ አቧራ አልጠላም። የሚታየው ታማኝ ነው።

ኢንጂነሩ ማሽን ከመትከላቸው በፊት ክብሪት ጭረው ያጠፋሉ። የክብሪቷ ጭስ የምትሄድበት አየሩ የሚሄድበት ነው። ጭሷን ተከትለው፣ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ መሀረብ ዘርግተው በጉልበታቸው ይንበረከኩና ማሽኑ የሚቀመጥበትን ቦታ በጠመኔ ያሰምራሉ። ያን ጊዜ ማንም አይናገርም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አንድ ጊዜ መሀል ገብተው ሰላም ቢሏቸው በእጃቸው ዝም አሰኝተዋቸዋል። ፕላስቲክ አበባ አይወዱም፤ አቧራ ይዞ አቧራ የሌለው የሚመስል ነገር ነው ይላሉ። ልብ ወለድ አያነቡም። እኔ በሥራ ሰዓት መጽሐፍ ስለማነብ አንድ ቀን ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የሌለ ሰው ችግር ምን ያደርግልሃል? የነበሩት ሰዎች ችግር መቼ አለቀ?» ብለው አለፉ። ብዙ ሃያሲ አንብቤያለሁ፤ ልብ ወለድን እንደዚያ አሳጥሮ የመታ አላጋጠመኝም።

ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር አዲሱ ባለቤት በመጀመሪያ ግድግዳውን ነጭ አስቀቡት። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ አቧራ አይታይም። ኢንጂነሩ ይህን ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ እሳቸውም እኔም ከጥቂት ወር ደመወዝና ከአንድ የምስጋና ወረቀት ጋር ተሰናበትን።

ሳሪስ ላይ አንዲት ወርክሾፕ ከፈትን። ከፊት ለፊት የሸምሱ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነው፤ እኛ ከጀርባ። ሸምሱ ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ ከጉሊት ተነሥቶ ባለመደብር የሆነ፣ በራሱም በደንበኛም የሚቀልድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከዱባይ ካስመጣው ካርቶን ውስጥ ማሞቂያ መስሎት የገዛው ዕቃ ወጣ። አንዱን ሸጦ ገዢው በሦስተኛው ቀን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። ሸምሱ ይዞት ወደ እኛ መጣ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር አያሞቅ፣ አያቀዝቅዝ፣ አይዘፍን። ምንድን ነው የገዛሁት?»

ፈቱት። ከአንድ ቬንትሌተር ኋላ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ነጭ ወረቀት ተቀምጧል፤ መካኒኮቻችን ፊልትሮ የሚሉት። ኢንጂነሩ ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። በፋብሪካ ዘመናቸው የአዳራሽ ያህል ቦታ የሚይዝ ማሽን ይሠራው የነበረውን ሥራ ይህ የትራስ ያህል ወረቀት ለአንዲት ክፍል ይሠራዋል።

«የቀሩትን ለማንም እንዳትሸጥ» አሉት ሸምሱን። «ሞቀኝ የሚል አታገኝም። ተነፈስኩ የሚል አመጣልሃለሁ።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ወይዘሮ ዘነበች ናት። ፋብሪካ ሳለን የሥዕልና የማስጌጥ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር፤ የእኔ እኩያ ናት። እሷም ተሰናብታ አቃቂ በሰቃ በሚገኘው ቤቷ፣ በሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ፣ ማሽከርከሪያ ጠረጴዛና የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገብታ ኩባያና ሳህን ለምግብ ቤቶች መሥራት ጀምራለች። አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ዘነበች ሥራዋን «ሴራሚክ» ነው የምትለው፤ ሸክላ ያለ ሰው ጠላቷ ነው። ምክንያቱ ለማንኛውም የአገር ሰው ግልጽ ነው። ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል አገራችን ውስጥ የሙያ ስም ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው። የባሏ እናት፣ እማማ አስካለ፣ እዚያው ግቢ ፊት ለፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። ምራታቸው ጭቃ ስትነካ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ ብላ ዘነበች ታምን ነበር። ያዞሩ እንደሆነ እኔ አላየሁም። እሷ ግን ቤቷን እንደ ሆስፒታል ታጥባለች፣ ጠዋት ትጠርጋለች፣ ከሰዓት ትጠርጋለች፣ ሰው ሊመጣ ነው ከተባለ ደግሞ እንደገና ትጠርጋለች። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው «የሸክላ ሠሪ ቤት» ለማለት ምክንያት እንዳያገኝ።

ወደ ወርክሾፓችን የመጣችው እያሳለች ነው። ሐኪሙ ሳንባዋ ላይ ጥላ እንዳየና ከአፈሩ እንድትርቅ ነግሯታል። ይህን ሁሉ ቆማ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች ተናገረችና ኢንጂነሩን አየቻቸው።

«ጋሽ ጌታሁን፣ ተዪው እንዳይሉኝ። እሱን ሐኪሙ ብሎኛል። ሌላ ካለ እሱን ይንገሩኝ።»

ሄድን። ክብሪት ተጫረ፣ ጉልበት ተንበረከከ፣ በጠመኔ ተሰመረ። ማሽኑን ከማሽከርከሪያው አጠገብ ዝቅ አድርገን፣ ብናኙን ከፊቷ ወደ ጎን እንዲስብ አስቀመጥነው። ከካፖርቱ ቁራጭ አንዷን መደርደሪያ ላይ ዘረጉላትና በየወሩ እየመጣን እናያለን አሏት። ዘነበች ቃላቸውን ሁሉ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ትቀበላለች። በመጨረሻ በር ላይ ቆመው፣ «ማሽኑን ንጹሕ አድርገሽ ያዢው» አሏት። ማንም የሚለው ነገር ነው። እኔም የምለው ነበር።

በወሩ ስንመለስ ማሽኑ ዳንቴል ለብሷል። በእጅ የተሠራ፣ ዳር ዳሩ የተጠለፈ፣ እስከ ታች የሚወርድ፤ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ቴሌቪዥኑ አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ የቤቱ ውድ ዕቃ ራቁቱን ለምን ይቀመጥ? አቧራ እንዳይገባበት ነው አለች። አቧራ የሚበላ ማሽን አቧራ እንዳይነካው ታፍኖ እያቃሰተ ነበር። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ግቢ ወጣሁ። ኢንጂነሩ አልሳቁም። አበባውን በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ አይጥ አንሥተው አወረዱ፣ ዳንቴሉን አጥፈው በአክብሮት ሰጧት፣ «ይህ በአፍንጫው ነው የሚሠራው፤ አፍንጫ አይሸፈንም» አሉ። ጥቁሩ ጨርቅ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ጥቁር ነው። ዳንቴል ለብሶም እንዲህ ከሠራ ተገልጦ ምን ሊሠራ ነው ብለን ደስ እያለን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሁሉ ጨርቁ ጥቁር ነበር። ኢንጂነሩ እንደዚያ ሲኮሩ አይቼ አላውቅም። ለሸምሱ አወሩለት፤ ሸምሱም ለደንበኛው ሁሉ አወራ፣ አምስት ስድስት ማሽን ሸጠበት። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ እንኳ ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። ያ ራሱ ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር፤ መብራት በሌለ ቀን ማሽኑ አይሠራም፣ እሷ ግን በመስኮት ብርሃን ትሠራለች። ደስ ያለው ሰው አይጠረጥርም።

ሳሏ ግን አልተወም። እንዲያውም ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ መቆም ጀመረች። ኢንጂነሩ ከምድጃው የሚወጣው ጋዝ ይሆናል ብለው የጭስ መውጫ ሠሩ። ብርዱ ይሆናል ተባለ፤ መስኮት ተደፈነ፣ እንደገና ተከፈተ። ሐኪሙ አዲስ ፎቶ አነሣትና ጥላው እንደሰፋ ነገራት። እሷ ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢኖር ይሻል ነበር።

አንድ ቀን እዚያው በሰቃ የአንድ ዳቦ ቤት ቬንትሌተር ጠግነን ቶሎ ጨረስን። የዘነበች ቀጠሮ በማግሥቱ ነው፤ ሰፈሩ ላይ ስለነበርን ጎራ እንበል አልን። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ገባን። የልብስ ገመድ ላይ አንሶላ ተሰቅሏል። ከአንሶላው ቀጥሎ፣ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ የማሽኑ ፊልትሮ ተሰቅሏል። ወረቀቱ በሳሙና ታሽቶ ተላልጧል፣ ተቀዷል፣ እንደ ወተት ግን ነጥቷል። ከፊልትሮው ቀጥሎ ጥቁሩ ጨርቅ።

ኢንጂነሩ ገመዱ ሥር ጥቂት ቆሙና ወደ ሰርቪሱ ገቡ። ዘነበች መጥረጊያ ይዛ መሀል ክፍሉ ላይ ቆማለች፤ በበሩ የገባው ፀሐይ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ይጨሳል። መደርደሪያው ላይ ጨርቁ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ንጹሕ ነው። ዙሪያው ነጭ።

«ነገ ነበር እኮ የምትመጡት» አለች።

ኢንጂነሩ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡ። ጨርቁን በየወሩ ታጥበው እንደሆነ ጠየቋት። በየወሩማ እንዳልሆነ፣ በየሳምንቱ እንደሆነ፣ እኛ ስንመጣ ግን በተለይ እንደምታጥበው ነገረቻቸው። ፊልትሮውንም እንደዚያው።

«እንግዳ ሲመጣ የቆሸሸ ጨርቅ ላሳይ?» አለች። «ንጹሕ አድርገሽ ያዢው ብለውኝ የለ?»

«ብያለሁ» አሉ ኢንጂነሩ። «እንደዚያ ነው ያልኩት።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቆች አይቻለሁ። «አልገባችሁም» የሚል ሞልቷል፤ «እንደዚያ ነው ያልኩት» ያለ እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚያች ቅጽበት መጥረጊያው ከዘነበች እጅ ላይ ቀለለ፤ አየሁት። ሴትየዋ ወራት ሙሉ በገዛ እጇ ሳንባዋን ስትጎዳ እንደነበረ ሊገባት አንድ ዐረፍተ ነገር ሲቀራት፣ እሳቸው ዐረፍተ ነገሩን ወስደው ራሳቸው ላይ ጫኑት።

 ሳሪስ ላይ ከታክሲ ስንወርድ፣ «እኔ በየወሩ እንግዳ ሆኜ ነው የሄድኩት። እንግዳ ምን ያያል?» አሉኝ። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ትዝ አለኝ። የሳቅሁበት ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ ምሳ አለመብላታችን ብቻ ነው ልዩነቱ።

በማግሥቱ ኢንጂነሩ ያለ ከረባት መጡ። ባውቃቸው ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የቀለም ጠብታ ያለበት አሮጌ የሥራ ጃኬት ለብሰዋል። ዘነበች ቤት ደርሰን በርጩማ ላይ ጥግ ተቀመጡና፣ እኛ እንደሌለን ቆጥረሽ ሥሪ አሏት። እስኪመሽ ተቀመጡ። በማግሥቱም። መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ሰለቸች፣ ከዚያ ረሳችን። ስትረሳን ነው ሥራዋን ያየነው።

ጭቃው ርጥብ እያለ ምንም ብናኝ የለም። ብናኙ የሚወለደው ኩባያው ከደረቀ በኋላ ነው። ዘነበች የደረቀውን ኩባያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አገጯን ወደ ታች አድርጋ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፤ እንደ እንቁላል ልሙጥ እስኪሆን። የወጣውን ዱቄት እፍ ትለዋለች። ከዚያ ሽርጧን በር ላይ ታራግፋለች። ከዚያ ትጠርጋለች። ማሽኑ ምን ያድርግ? ከአፍንጫዋ ሥር የተወለደው እሱ ጋ ሳይደርስ እሷ ጋ ደርሷል።

ኢንጂነሩ አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመሩ። መጥረጊያው ከክፍሉ ወጣ፤ በምትኩ ባልዲና ርጥብ መወልወያ ገባ። ሽርጧ ሳይራገፍ ውሃ ውስጥ ይነከራል። መብራት የሌለበት ፈረቃ የጭቃ ቀን ሆነ፣ መብራት ያለበት የደረቅ ሥራ ቀን። መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቬንትሌተር ተተከለ። ለማሽኑ ሸምሱ ተተኪ ፊልትሮ አስመጣ። ኢንጂነሩ ከፊልትሮው ፊት ሌላ ነገር ጨመሩ፣ ከስስ ሻሽ የተሰፋ ወንፊት መሰል ሽፋን፤ ሻካራውን ብናኝ እሱ ይይዛል።

«ይህችን በፈለግሽ ቀን እጠቢያት፤ አድርቀሽ መልሺያት» አሏት። «ውስጠኛዋን አትንኪ። ጥቁሩንም አትንኪ። ቆሻሻውን ለእኔ አቆዪልኝ።»

«ቆሻሻ አቆዪልኝ ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት» አለች፤ ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ያን የሻሽ ሽፋን ካየኋቸው ብልሃቶች ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ሌላ መሐንዲስ አትጠቢ ብሎ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን እጇ ሳያጥብ እንደማያርፍ አይተው፣ የሚታጠብ ነገር ሰጧት።

የቀረው የብርጭቆ ወረቀቱ ነው። ኩባያው ሳይደርቅ፣ ገና ጠንከር እንዳለ፣ በርጥብ ስፖንጅ ማለስለስ ትችያለሽ አሏት። አንድ ሠርታ አሳየቻቸው። ከንፈሩ ላይ የስፖንጁ አሻራ በቀጭኑ ይታያል።

«ይህን ማን ይገዛኛል? ሸክላ ይመስላል።»

«ሸክላ ነው እኮ ዘነቡ።»

 ኩባያውን ከእጃቸው ተቀበለች፣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፣ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ስንመጣ በር ትከፍታለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ሌላ ቃል አትናገርም። የብርጭቆ ወረቀቱም ቦታው ላይ አለ። እኔ ለኢንጂነሩ፣ ሰውን እንደዚያ አይናገሩትም አልኳቸው። ቃሉ ከሚያሳፍራትና አየሩ ከሚገድላት የቱን ልምረጥላት አሉኝ።  በበኩሌ በለስላሳ ቃል ሲሞት ያየሁት ሰው ይበዛል።

ነገሩ የተፈታው እኛ በሌለንበት ነው፤ እሷ ናት ኋላ የነገረችን። እማማ አስካለ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ልሙጡ ኩባያ ሁለት ጊዜ አምልጧቸው ተሰበረ። አንድ ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ገብተው መደርደሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣ ያንን የስፖንጅ አሻራ ያለበትን አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይሄኛው አያዳልጥም። ሌላም ሥሪልኝ» ብለው ወጡ። ይህን ያህል ብቻ ነው። ዘነበች የብርጭቆ ወረቀቱን ለአናጢ ጎረቤቷ ሰጠችው። ምግብ ቤቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አንዳንዶቹ መግዛት ተዉ። የቀሩት ለመዱት።

ኢንጂነሩ ከዚያ ወዲህ አንድ አዲስ ልማድ አመጡ። የትም ቤት ጥቁር ጨርቅ ሲያነሡ ከዓይናቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ሳሙና እንዳለው ለማወቅ። ደንበኛው ግራ ይጋባል፤ ሸምሱም «ኢንጂነር ጨርቅ ማሽተት ጀምረዋል፣ ቀጥሎ እኛን ነው» እያለ ሰፈሩን ያስቃል። እሳቸው አይሰሙትም። ሳሙና ካገኙ አይቆጡም፤ ጃኬታቸውን ያወልቁና በርጩማ ይጠይቃሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። እስከ መጨረሻው ድረስ ከረባት ለእንግድነት፣ ጃኬት ለሥራ እያሉ ለይተው ይለብሱ ነበር። የተረፉትን የካፖርቱን ቁራጮች ለእኔ ተዉልኝ።

ባለፈው ክረምት ወርክሾፑን ስዘጋ የመጨረሻ ዙር ዞርኩ። ለዘነበች አልደወልኩም። ስገባ ማሽከርከሪያው ላይ ናት፣ እስከ ክርኗ ጭቃ። ማሽኑ አጠገቧ ያጉረመርማል፤ ዳንቴል የለው፣ አበባ የለው፣ ጎኑ በጭቃ ጣት ተለቅልቋል። ሐኪሙ ፎቶውን ከዓመት ዓመት እያስተያየ፣ የቆየው ጥላ እንዳለ መሆኑን፣ አዲስ ግን እንዳልተጨመረ ይነግራታል። ዳገት ስትወጣ አሁንም ትቆማለች። ቆማ ግን ትቀጥላለች።

ከመደርደሪያው ላይ ጨርቁን አነሣሁ። ጥቁር ነው። እኔ ደግሞ ያነበበም የሠራም ሰው ነኝና አላመንኩም።

«አጠብሽው እንዴ?»

«አሽትተው» አለች፣ ዓይኗን ከጭቃው ላይ ሳታነሣ።

ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ያረጀ የሱፍ ካፖርት ይሸታል። ሳሙና የለውም።